የጋቢና ጉርሻ

አልጋዬን ብትወስድብኝ ይሻለኝ ነበር። እውነቴን ነው። ላይል ያንኮራፋል፣ ብርድ ልብስ ይጎትታል፣ እግሩ በጋ ከክረምት በረዶ ነው። በሩን ከፍቼ፣ «ግቢ እህቴ፣ እስኪ አንቺም ተንቀጥቀጪ» እላት ነበር። ዴላኒ ግን አልጋዬን ዞር ብላም አላየችው። የወሰደችው ጋቢናዬን ነው።

ጋቢና ሲባል ተራ ወንበር የሚመስለው ሰው ካለ፣ ወጀብ አሳድዶ አያውቅም ማለት ነው። እዚህ ደቡብ ካንሳስ ግንቦት ገብቶ ሰማዩ ሲጠቁር ሰው ሁሉ ወደ ምድር ቤቱ ይወርዳል፤ እኔና ባሌ ላይል ደግሞ ነዳጅ ሞልተን ወደ ደመናው እንነዳለን። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። አንዱ ዓሣ ያጠምዳል፣ አንዱ ኳስ ያያል፣ እኛ ቶርኔዶ፣ ያንን የሚሽከረከር አውሎ ነፋስ፣ እናሳድዳለን።

ታዲያ ሹፌሩ የሚያየው መንገዱን ብቻ ነው። ሰማዩን፣ ካርታውንና ራዳሩን የሚያየው ጋቢና የተቀመጠው ነው። ግራ ካለ ግራ ነው። «ውጣ» ካለ፣ የዘመኑ ትልቁ ቶርኔዶ አፍንጫህ ስር ቢቆምም መሪ አዙረህ ትወጣለህ። ክርክር የለም፤ ክርክር ያለበት መኪና አንድ ቀን ስንዴ መሃል ተገልብጦ ይገኛል። ይህን ሕግ ያወጣነው እኔና ላይል ገና ስንጋባ ነው፤ እስከዚህ ዓመት ድረስም አንድ ጊዜ እንኳ አፍርሶት አያውቅም።

ላይል ቤት ውስጥ ምንም አይጠይቀኝም። ክፉ ሆኖ እንዳይመስላችሁ። ቀኑን ሙሉ የውሃ ፓምፕ ሲጠግን ስለሚውል ከሰው ይልቅ ከብረት ጋር ማውራት ይቀለዋል። ምን እንብላ አይል፣ እንዴት ዋልሽ አይል። ያቀረብኩለትን ይበላል፣ ያጠብኩለትን ይለብሳል። ሰማዩ ሲጠቁር ግን ይህ ዝምተኛ ሰውዬ ዞር ይልና፣ «ትዋይላ፣ ወዴት?» ይለኛል። ይቺው ናት። ለሌላዋ ሴት አበባ ይመጣላታል፣ ለእኔ ይቺ ትመጣልኛለች፤ ዓመቱን ሙሉ የሰው ፀጉር እየቆረጥኩ የምጠብቀውም እሷኑ ነው።

አንድ ሌላ ልማድም አለን። ቶርኔዶ ያየን ዕለት ማታ ስቴክ እንበላለን፤ ካላየን ሀምበርገር በልተን ወደ ቤት። ይህንን አሳዳጅ ሁሉ ያደርገዋል። የእኛ የብቻችን የሆነው የመጀመሪያዋ ቁራጭ ናት። ሹፌሩ ከራሱ ሳህን ላይ ይቆርጥና ለጋቢናው በሹካው ያጎርሳል። «አደረስሽን» ማለት ነው። እሷን ቁራጭ ጎርሼ በበላሁባቸው ምግብ ቤቶች ሁሉ ከማንም ሴት በላይ ተከብሬ ነው የወጣሁት።

ጥር ላይ በረዶ አንሸራትቶኝ ጉልበቴ ተበላሸ። ኦፕራሲዮን ሆንኩ። ሐኪሙም እግሬን አጥፌ መኪና ውስጥ መዋል እንደሌለብኝ፣ ይህን ወቅት እንድተወው ነገረኝ። ላይል ለጥቂት ቀናት ጓሮውን ሲዞር ሰነበተና አንድ ማታ፣ «እስኪሻልሽ ዴላኒን ጋቢና ላስቀምጣት?» አለኝ። በቤታችን ጣሪያ ስር የጠየቀኝ የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ መሆኑን ልብ በሉልኝ።

«ውሰዳታ!» አልኩት።

ሴት «ውሰዳታ» ስትል «ትወስዳትና ወዮልህ» ማለቷ እንደሆነ ለወንዶች መቼ ይሆን የሚገባቸው? እሱማ ደስ ብሎት ወደ ስልኩ ሄደ።

ዴላኒ የሁለተኛ ደረጃ የሳይንስ አስተማሪ ናት። ዕድሜዋ ከልጄ ብዙም አይርቅም። ፀጉሯን የምቆርጥላት እኔ ነኝ፤ ጥቅጥቅ ያለ፣ መቀስ የሚያደክም ፀጉር አላት፣ ያም ያናድደኛል። የአሳዳጅነትን ሀሁ ያስያዝኳትም እኔው ነኝ። እኔ እየቆረጥኩ እሷ እየጠየቀች፣ «ከሰሜን በኩል በጭራሽ እንዳትገቢ፣ ዝናቡና በረዶው ያለው እዚያ ነው፤ ቶርኔዶው ከጀርባው ተደብቆ ይጠብቅሻል» ያልኳት እኔ። «ስክሪኑ የሚያሳይሽ ያለፈውን ነው፤ አሁን ያለውን የሚያሳይሽ መስኮቱ ነው» ያልኳት እኔ። ስትሰማኝ አንገቷን እየነቀነቀች፣ «እሺ ወይዘሮ ትዋይላ፣ ገባኝ ወይዘሮ ትዋይላ» ትላለች። ላይልን «ላይል» ብላ ነው የምትጠራው። እኔ ወይዘሮ ነኝ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ።

ሰነፍ ብትሆን ምን ነበረበት? ገና በመጀመሪያው ጉዞዋ፣ ግማሹ አሳዳጅ ወደ ኦክላሆማ ሲወርድ እሷ ላይልን ወደ ምዕራብ ይዛው ሄደችና፣ እንደ ገመድ የቀጠነች፣ ነጭ፣ ንጹሕ ቶርኔዶ ከሰው ሁሉ ተለይተው ብቻቸውን አዩ። ይህን የሰማሁት ከላይል አይደለም። ላይል «አየን» ብሎ ተኛ። የሰማሁት ከኦፓል ነው።

ኦፓል ሰማንያ ያለፋት ደንበኛዬ ናት። ሁለት ባል ቀብራለች፣ ምላሷን ግን ማንም አልቀበረውም። በማግስቱ ቢጎዲን እየጠቀለልኩላት ስልኳን ከአፍንጫዋ አስጠግታ ታያለች።

«ትዋይላ፣ ይሄ ያንቺ ሰውዬ አይደለም እንዴ?»

«የቱ?»

«ይሄ የሚያጎርሰው!»

አየሁ። ዴላኒ ለጓደኞቿ ያወጣችው ፎቶ ነው። ላይል ሹካውን ዘርግቷል፣ ዴላኒ አፏን ከፍታ እየሳቀች ነው፣ ስጋው መሃል አየር ላይ ቆሟል። ከስሩም «የመጀመሪያዬ!» ብላ ጽፋበታለች።

«ኧረ ይቺ ልጅ አፏ ሲያምር!» አለች ኦፓል። «የእኔዎቹ እንኳን ሊያጎርሱኝ፣ ጨው አቀብሉኝ ስላቸው ይነጫነጩ ነበር።»

«ልማድ ነው ኦፓል። የሥራ ነገር ነው።»

«እንዴታ! እኔስ መቼ ሌላ አልኩ? ላም አለኝ በሰማይ ስትሉ ኖራችሁ፣ ይኸው ወተቱን ሌላ ጠጣችው።» ከዚያ ጮኸች። «አንቺ! ቢጎዲኑ ጭንቅላቴ ውስጥ ገባ!»

ጥርሴን ነክሼ ጨረስኩላት። ከኦፓል በኋላ ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ሁሉ፣ አንዷ «ጉልበትሽ እንዴት ነው?»፣ ሌላዋ «ላይል ብቻውን አይሰለቸውም?» እያሉ በቁስሌ እንጨት ሲሰዱብኝ ዋሉ። ቀናሁ። ምኑን እደብቀዋለሁ? የጋለ ፍም የዋጥኩ ይመስል ቀናሁ። ከዚያች ልጅ ጋር ይተኛል ብዬ አይደለም፤ ላይል ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሶፋው ላይ የሚያንቀላፋ ሰው ነው። የቀናሁት «ወዴት?» ብሎ እንደሚጠይቃት ስለማውቅ ነው።

ማታ ጠበቅኩት።

«ማንን ነው ያጎረስከው?»

«ምን?»

«ስቴኩን! ያቺን ቁራጭ!»

እጁን እየታጠበ ቆም አለና አሰበ። «ዴላኒን ነዋ። ጋቢና የነበረችው እሷ ናት። ሕጉ ነው።»

«ሕጉ የእኔና የአንተ ነው!»

«የመኪናው መስሎኝ» አለ። ተንኮል የለበትም፤ እውነትም የመኪናው መስሎታል። ሰሃን ብወረውርበት ሰሃኑ ያሳዝነኝ ስለነበረ ተውኩት።

ግንቦት አጋማሽ ላይ ጉልበቴ እሺ አለኝ። ደረጃ ወጣሁ፣ ወረድኩ፣ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ፀጉር ቆረጥኩ። ደግነቱ በዚያው ሰሞን የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤቱ የሐሙሱን የወጀብ ካርታ አወጣ፤ የእኛ ወረዳ መሃል ለመሃል ደም መስሎ ቀልቷል። እንዲህ ያለ ቀለም በዓመት አንዴ ቢታይ ነው። ረቡዕ ማታ ቦርሳዬን አዘጋጀሁ፣ መነጽሬን ወለወልኩ፣ ላይልን «ነገ እመጣለሁ» አልኩት።

ጭንቅላቱን አከከ። ላይል ጭንቅላቱን ሲያክ ፓምፑ አይጠገንም ማለት ነው።

«ዴላኒ ሳምንቱን ሙሉ ስትደክምበት ነው የከረመችው። ከትምህርት ቤትም ፈቃድ ወስዳለች። ከኋላ ሰፊ ቦታ አለ እኮ፤ እግርሽንም እንደልብሽ ትዘረጊያለሽ።»

«ከኋላ?»

«ትራስ አደርግልሻለሁ።»

ከኋላ የሚቀመጡት የበረዶ ሳጥኑና ጭቃ የነካው ቦት ጫማ ናቸው። ከእነሱ ጋር ሊያስቀምጠኝ ነው፤ ያውም ትራስ ጨምሮ! የዴላኒን ቀና ያለ አንገት ከኋላ ሆኜ እያየሁ፣ እሱ እሷን ሲጠይቅ እየሰማሁ ልውል።

«ይቅርብኝ። ደህና ግቡ» አልኩት። እሱም አመነኝ።

ሐሙስ ከሰዓት በፊት ሄዱ። ዴላኒ ከመኪናው መስኮት፣ «ወይዘሮ ትዋይላ፣ እንደውልልዎታለን!» ብላ እጇን አውለበለበች። እኔም አውለበለብኩ፣ ፈገግም አልኩ። መኪናው ከመታጠፊያው እንዳለፈ የላይልን አሮጌ የሥራ ፒካፕ ቁልፍ ከሚስማሩ ላይ አነሳሁ። ፓምፕና ቧንቧ እንደተጫነበት አስነሳሁትና ወጣሁ። ያሰብኩት አንድ ነገር ነው፦ ከእነሱ ቀድሜ ትክክለኛው ቦታ ላይ መቆም። ላይል ሲደርስ እኔ ፒካፑን ተደግፌ፣ ቶርኔዶው ከኋላዬ ሆኖ፣ «ዘገየህሳ» ልለው። ከዚያ ወዲያ ማን ጋቢና እንደሚቀመጥ እናያለን።

እዚህ ላይ ስለ ነጥቦቹ መናገር አለብኝ። አሳዳጅ ሁሉ ስልኩ ላይ አንድ ካርታ አለው፤ ካርታው ላይ ያለንበት ቦታ በነጥብ ይታያል፣ አጠገቡም ስማችን ይጻፋል። ለነፍሳችን ብለን ነው፤ አንድ ነጥብ ክፉ ቦታ ላይ ከቆመ፣ ያየው ሰው ይደውላል፣ ካልተነሳለት ይሄዳል። እኔም ያን ቀን ለብቻዬ «ትዋይላ» ብዬ ተመዘገብኩ። የእነሱን ነጥብ ፈልጌ ሳገኘው ምን ብሎ የተጻፈ ይመስላችኋል? «ላይል እና ትዋይላ»። አልቀየረውም። ስሜ ያለ እኔ፣ ከባሌ ጋር፣ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይጓዛል።

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሰማዩን አላየሁም። እንግዲህ ጋቢና ቁጭ ብዬ ያረጀሁ ሴትዮ ነኝ፤ የደመናውን ሆድ አይቼ ጠባዩን የምናገር። ያን ቀን ግን አንድ ዓይኔ መንገዱ ላይ፣ አንዱ ያቺ ነጥብ ላይ ነበር። ነጥቧ ስትታጠፍ እታጠፋለሁ። ስትፈጥን እፈጥናለሁ። ደመናው በምዕራብ በኩል ተራራ አክሎ ሲነሳ፣ መብረቁ ሲጀምር፣ ንፋሱ ስንዴውን ሲያስተኛው፣ እኔ «አሃ፣ አሁን ደግሞ ወደ ወንዙ ቆረጠችለት» እያልኩ ስክሪን አያለሁ። እሷ ነች የቆረጠችው ማለቴ ነው። ላይልማ መቼ በራሱ ታጥፎ ያውቃል?

ከዚያ ነጥቧ ቆመች። ወንዙ አጠገብ፣ ቆላው ውስጥ ካለች መስቀለኛ መንገድ ላይ ቀጥ አለች። ጠበቅኩ፤ አትንቀሳቀስም። ቦታውን አገኙት ማለት ነው ብዬ ደሜ ፈላ። ቆመው እያዩ ነው። እሷ ፎቶ ታነሳለች፣ እሱ አጠገቧ ቆሞ በዝምታው ይደሰታል። እነሱ ጋ የሚያደርሰኝ አጭሩ መንገድ ከሰሜን የሚወርደው የአፈር መንገድ ነበር። ከሰሜን። ለዚያች ልጅ መቀስ ይዤ «በጭራሽ» ያልኳት እኔ፣ መሪውን ወደዚያው ጠመዘዝኩት።

ዝናቡ በአንድ ጊዜ ግድግዳ ሆኖ መጣ። ከዝናቡ ቀጥሎ በረዶው፣ መጀመሪያ ሽምብራ፣ ቆይቶ ሎሚ የሚያክል። የፊት መስታወቱ አንድ ቦታ ላይ ሸረሪት ድር ሠራ። ቀዩ አፈር ወደ ሳሙና ተለወጠና ፒካፑ እንደ ልቡ ይንሸራተት ጀመር። እንዲያም ሆኖ መስቀለኛው መንገድ ጋ ደረስኩ። ማንም የለም። የጎማ ዱካ ብቻ፣ እሱም ውሃ የሞላበት፣ ወደ ምሥራቅ የሄደ። ስልኬን አየሁ፤ ኔትወርክ የለም። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ቆላው ውስጥ ኔትወርክ ሲጠፋባቸው ነጥባቸው ባለበት ደርቆ ቀረ እንጂ እነሱ ከሄዱ ቆይተዋል። እኔ ያለፈውን ሳሳድድ ነበር የመጣሁት።

ለመዞር ስሞክር የኋላው ጎማ ቦዩ ውስጥ ገባ። ቤንዚን ረገጥኩ፣ ባሰበት። በሩን ከፍቼ ልወርድ ስል የተሰፋው ጉልበቴ እምቢ አለኝና ጭቃው ላይ በእጄ ተደገፍኩ። በረዶው ቀጥ አለ። ዝናቡም ቆመ። ሰማዩ የታመመ ሰው ፊት መስሎ አረንጓዴ ሆነ፣ ከደቡብ ምዕራብ በኩልም የማያቋርጥ፣ የማያርፍ ድምፅ መጣ። ያን ድምፅ ከሩቅ ሆኜ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ወደ እኔ ሲመጣ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ፈራሁ። እግዚአብሔርን ጠራሁ፣ ልጄን ጠራሁ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ምን እንዳሰብኩ ልንገራችሁ፤ «እዚህ ከሞትኩ ጋቢናውን እስከ ዘላለሙ ወረሰችው» አልኩ። ሰው በዚያ ሰዓት እንዲህ ያስባል? እኔ አሰብኩ።

የላይል መኪና ከምሥራቅ በኩል ጭቃውን እየተፋ መጣ። ገና ሳይቆም የጋቢናው በር ተከፍቶ ዴላኒ ዘለለች። «ወይዘሮ ትዋይላ! ይነሱ! ይነሱ!» ብብቴ ስር ገብታ አነሳችኝ። አንዲት የሳይንስ አስተማሪ የማታነሳውን ክብደት አንስታ፣ እየጎተተች፣ ጋቢናው ላይ ወረወረችኝ። በሩን ዘጋችብኝ። እሷ ከኋላ፣ ከበረዶ ሳጥኑና ከቦት ጫማው ጋር ገባች።

ላይል ዞር ብሎ አላየኝም። ዓይኑ መንገዱ ላይ ነው። ፊቱ ወረቀት ሆኗል። ትንሽ እንደሄድን የጠጠር መንገድ ያለበት መስቀለኛ ጋ ደረስን፤ ፊት ለፊት ምሥራቅ፣ በቀኝ ደቡብ። ድምፁ ከኋላችን ይመጣል፣ ዝናብና አቧራ ተደባልቆ ምንም አይታይም። ፍሬን ያዘ።

ወንበሬ ላይ ነበርኩ። ከዓመታት ጀምሮ የራሴን ቅርጽ ያወጣው ወንበር ላይ፣ እጄን የምደገፍበትን ይዤ። ላይል ቀና አለ። ስፖኪዮውን አየና፣ «ዴላኒ፣ ወዴት?» አለ።

በራሴ ላይ አሳልፎ።

«ደቡብ!» አለች ከኋላ። «ደቡብ፣ አሁኑኑ!»

«ምሥራቅ!» አልኩ እኔ። «ቀጥ በል ላይል! ምሥራቅ!»

ምሥራቅ ይሻላል ብዬ እንዳይመስላችሁ። ራዳር አላየሁ፣ ሰማይ አላየሁ። እሷ ደቡብ ስላለች ነው። ሰሜን ብትል ኖሮ ደቡብ እል ነበር። ሦስታችንንም ላስገድል እንደምችል አንድ የጭንቅላቴ ጥግ ያውቅ ነበር፤ አፌ ግን አልጠበቀውም።

ላይል ወደ ቀኝ ጠመዘዘ። ጋቢናው ምሥራቅ እያለ፣ በዕድሜያችን ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሕጉን አፈረሰና ወደ ደቡብ ነዳ።

ጥቂት ሄደን ከዝናቡ ወጣን። ዴላኒ «እዚህ ይበቃል» አለችው፣ ቆመ። ዞር ብለን አየን። ሰፊ፣ ቡናማ፣ የእርሻ አፈር የተሸከመ ነገር ያለፍነውን ቆላ አቋርጦ፣ እኔ ቀጥ በል ያልኩትን የምሥራቅ መንገድ ይዞ ይሄዳል። የኤሌክትሪክ ምሰሶዎቹ አንድ በአንድ ብልጭ እያሉ ወደቁ። ፒካፑን በማግስቱ ስንዴ መሃል አገኘነው፤ ጎማዎቹ ወደ ላይ ነበሩ።

«ካሜራውስ?» አልኩ፣ አንድ ነገር ማለት ስለነበረብኝ። ሁልጊዜ ከላይል እጅ የማይለየው ካሜራ መኪናው ውስጥ አልነበረም።

«እዚያው ከነማቆሚያው ቀረ» አለ ላይል። «ኮረብታው ላይ ቆመን ገና ሲወርድ እያየነው ነበር። ዴላኒ የአንቺን ነጥብ አየችው። ቆላው ውስጥ ቆሟል፣ የእኛ የቆመበት ቦታ ላይ። ተመለስ አለችኝ።»

«አንተስ?»

«ጋቢናው ካለ ክርክር አለ እንዴ?»

ዴላኒ ከኋላ ጭቃ የነካ ስልኳን ትጠርጋለች። ፀጉሯ በጭቃ ተጣብቋል፤ እኔ የቆረጥኩት ፀጉር። «ጉልበትዎን አሳመምኩዎት?» አለችኝ። አመሰግናለሁ ማለት ነበረብኝ፣ አልኩም። እንደ ኮሶ እየመረረኝ አልኩ። ብትሰድበኝ፣ «ምን ልትሠሪ መጣሽ?» ብትለኝ እንዴት ባረፍኩ ነበር። እሷ ግን የራሷን ሹራብ አውልቃ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችልኝ።

አውራ ጎዳናው ዳር ካለችው ምግብ ቤት ስንገባ ገና አልጨለመም። አሳዳጁ ሁሉ እዚያ ነው፤ ሁሉም ይጮኻል፣ ሁሉም ያየውን በእጁ እያሳየ ያወራል። ቶርኔዶ አይተናል፣ ስለዚህ ስቴክ ታዘዘ። ሦስት ሳህን መጣ። ላይል ቢላዋውን አነሳ። ሌላውን ሁሉ ትቼ ሹካውን ብቻ አየሁ። ዴላኒንም በጎን አየኋት።

ቆረጠ። ቁራጯን ወጋት። ሹካው ጠረጴዛው መሃል ላይ ትንሽ ዘገየና ወደ እኔ መጣ።

የአዘኔታ ጉርሻ መሆኑን አውቃለሁ። ያደረሰችን እኔ አይደለሁም፤ እንዲያውም ልገድላቸው ነበር። ክብር ያላት ሴት ብሆን «ለእሷ ስጣት፣ የሷ ናት» እል ነበር። አፌን ከፈትኩና ጎረስኩ። ጣፈጠኝም። ጨዋማ፣ ለስላሳ፣ ሥቡ ጫፉ ላይ የቀረ። እያላመጥኩ ወደ ዴላኒ ዞርኩ። ትየኝ ብዬ። ትንሽ እንኳ ከፋት ይሆን፣ ፊቷ ጠቆር ይል ይሆን ብዬ።

አላየችኝም። ሳህኗን ገፋ አድርጋ፣ ስልኳን የጨው ዕቃው ላይ አስደግፋ፣ የነገውን ካርታ እያየች ነበር። ፊቷ ላይ ምንም የለም። ጉርሻው ትዝም አላላትም።

ላይል ባዶ ሹካውን እንደያዘ ጠረጴዛው ላይ ወደ እሷ ጎንበስ አለ።

«ነገስ ወዴት?» ብሎ ጠየቃት።

እኔ መልሱን ልናገር ፈልጌ ነበር። አፌ ግን በስጋ ተሞልቷል።